መሃል ላይ የቆመች መርፌ

የዳትሰኗ ጉዳይ ዛሬ መልክ ያዘ። ችግሩ ሰነባብቷል። ጠዋት ስትነሳ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እያቃሰተ ነው የሚዞረው። ማታ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ስትቆም የፊት መብራቷ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ሲሰጣት መልሶ ቦግ ይላል። ይህን የሰማ ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ዲናሞው ሞቷል፣ ቀይረው።» ዲናሞ፣ ማለትም በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው፣ ካልሆነ ባትሪ ነው ይላሉ። ሁለቱም ተፈትተው የሚወጡ፣ በእጅ የሚጨበጡ ነገሮች ስለሆኑ ይመስለኛል። በመካከላቸው የተዘረጋውን ሽቦ የሚጠረጥር አላጋጠመኝም።

እኔን ያሳሰበችኝ መርፌዋ ነበረች። የእኔዋ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች 240ዜድ ናት፤ ክሩስኮቷ (የመለኪያዎቹ ሰሌዳ) ላይ ከነዳጅ መለኪያው ጋር አንድ ቤት የሚጋራ የአምፔር መለኪያ አላት። መርፌዋ ወደ ፕላስ ካዘነበለች ባትሪው እየተሞላ ነው፣ ወደ ማይነስ ካዘነበለች እየተመጠጠ ነው፣ መሃል ላይ ከቆመች ሁሉም ሰላም ነው ይባላል። የእኔዋ መርፌ መንገድ ላይ ከመሃል ብዙም አትርቅም። ለረጅም ጊዜ ይህንን እንደ ጤና ምልክት አይቶ የማያልፍ ሰው የለም። ግን ባትሪው ዘወትር ጎዶሎ ከሆነ መርፌዋ ወደ ፕላስ ዘንበል ማለት ነበረባት። ጠግቦ የማይበላና አፉ ተለጉሞ የማይበላ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መርፌዋም ሁለቱን መለየት አትችልም።

ልኬቱን ከባትሪው ጀመርኩ። ካደረች በኋላ 12.2 ቮልት አነበብኩ። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ስለሚያሳይ ይህ ግማሽ ያህል ነው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ጥብቅ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ዙሩን በደቂቃ ወደ 2000 ከፍ አድርጌ ሁለት ቦታ ለካሁ። ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ቡሎን ላይ 14.3፣ የባትሪው ፕላስ ላይ ደግሞ 13.1። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል፤ ዲናሞው የሚጠበቅበትን እያመረተ ነው፣ 1.2 ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የምለካበትን መልቲሜትር ወደ ተለዋዋጭ ቮልት አዙሬም አየሁ፤ ከ0.1 በታች ነው፣ ስለዚህ የዲናሞውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚለውጡት ዳዮዶችም ደህና ናቸው። በግራውንድ (በማይነሱ) በኩል ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ማይነስ 0.05 ብቻ ጠፋ። ጥፋቱ እንግዲህ በፕላሱ በኩል ነው።

የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ለምን አላካካሰውም የሚል ጥያቄ ይነሳል። በዚህ መኪና ላይ ሬጉሌተሩ ዲናሞው ውስጥ አይደለም፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ሣጥን ነው፣ ውስጡም ጥቅልል ሽቦና የሚንቀጠቀጡ የንክኪ ነጥቦች ናቸው። የሚያየው ዲናሞው በኩል ያለውን ቮልት ነው። እዚያ 14.3 ካየ «ይበቃል» ብሎ ያቆማል። ከመርፌዋ ወዲያ፣ ባትሪው ጋ ስንት እንደደረሰ የሚነግረው የለም።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ሞተር እንኳ አይፈልግም፤ ለዚህም ነው የምወደው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት መብራቱ ሲበራ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በፊውዚብል ሊንኩ (ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ቀልጦ የሚቆርጥ መከላከያ ሽቦ)፣ በሶኬቱ፣ በአምፔር መለኪያው አልፎ። ይህም ወደ 10 አምፔር ነው። መልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፕላስ ላይ፣ ሌላውን ዲናሞው ቡሎን ላይ አደረግሁ። አንድ ሙሉ ቮልት! በጤነኛ መኪና ላይ 0.2 ወይም 0.3 ቢሆን አልደነግጥም ነበር። ከዚያ ጫፉን ደረጃ በደረጃ አስጠጋሁት። ሊንኩ ላይ ጥቂት፣ መለኪያው ላይ ጥቂት፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበት የፕላስቲክ ሶኬት ላይ ግን 0.8 ቮልት። 0.8 በ10 ሲባዛ 8 ዋት ነው፤ ትንሽ አምፖል የሚያበራ ኃይል እዚያች የጣት ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ወደ ሙቀት እየተቀየረ ነው። ስነካው ያቃጥላል። ስከፍተው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ አንደኛው ተርሚናል ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል።

ተርሚናሎቹን በአዲስ ቀየርኩ፣ ሽቦውንም ብሩህ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቆረጥኩት፤ መዳቡ ከጠቆረ አዲስ ተርሚናል ማሰር ከንቱ ድካም ነው። ደግሜ ስለካ 0.2 ቀረ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መርፌዋ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም፣ ወደ ፕላስ ዘለለች፤ ባትሪው ላይም 14.1 አነበብኩ።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ የመከረኝ «ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ነበር። ምክሩ እስከ ዛሬ ይዞራል፣ እኔ ግን አልሰማውም። ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው ድንገተኛ ከፍታ ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል፤ ጤነኛውን ዲናሞ በምርመራ መግደል ማለት ነው። ደግሞም በእኔዋ መኪና ላይ ፍተሻው «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀመጣል።

አሮጌ መኪና የሚያሳየኝ እንግዳ ነገር ይህ ነው፦ ስለ ኤሌክትሪኩ የሚመሰክረው መሣሪያ ራሱ የኤሌክትሪኩ መንገድ ነው። ሞተሪኖው ከሚስበው በቀር ከባትሪው የሚወጣውም የሚገባውም በመርፌዋ በኩል ያልፋል። መለኪያዋ ብትላላ ባትሪው ይራባል። ፖርሽ 944 በሚባለው መኪና ላይ ደግሞ ይኸው ነገር በአምፖል በኩል ይመጣል። ቁልፍ ሲከፈት የምትበራው ቀይ የባትሪ መብራት ለዲናሞው መቀስቀሻ ኤሌክትሪክ የምትልከው እሷ ናት። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ሚኒሞ ላይ ተኝቶ ይቆይና ዙሩ በደንብ ከፍ ሲል ብቻ፣ በብረቱ ውስጥ በቀረው ጥቂት ማግኔት፣ ሊነቃ ይችላል። የአንዲት ትንሽ አምፖል ጥፋት ስንቱን ዲናሞ ያለ ጊዜው አስጥሎ ይሆን?

ብዙ የዜድ ባለቤቶች የሚሄዱበት መንገድ ሬጉሌተሩ ውስጡ ያለበትን የ280ዜድኤክስ (በኋላ የመጣ የዜድ ሞዴል) ዲናሞ መግጠም ነው። ጥሩ ማሻሻያ ነው፣ አልቃወመውም። ግን ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ካልተጨመረ ቁልፉን ብትዘጋውም ሞተሩ አልጠፋም ሊል ይችላል፤ ዲናሞው በመቀስቀሻው ሽቦ ወደ ኋላ ማቀጣጠያውን ይመግበዋላ። ያ ሶኬት እንዲያ ተቃጥሎ እያለ የበለጠ አምፔር የሚያመነጭ ዲናሞ ብገጥም ኖሮ 8 ዋቱ ስንት ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

የቀረው 0.2 ቮልት አብዛኛው መለኪያዋ ጀርባ ላይ ነው። እሱን ለማጽዳት ክሩስኮቱን መፍታት ስለሚጠይቅ ለሌላ ቀን ይቆይ። የዳትሰን አምራች ኒሳን ራሱ በኋላ ባወጣቸው 280ዜድ መኪኖች ላይ አምፔር መለኪያውን ትቶ ወደ ቮልት መለኪያ ዞሯል፤ እኔ ግን መርፌዋን አላነሳትም። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ ቮልት መለኪያ ጨምሬ ሁለቱንም አብሬ አያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለፊት መብራቱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) መግጠም አለብኝ፤ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ አሁንም በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ነው የሚያልፈው።