ቢጫው ሣጥን የጠፋ ቀን

ጅማ ላይ የመንገድ ፕሮጀክት ማቴሪያል ቴክኒሺያን ነኝ። ሮለር የረገጠው አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የምለካበት ማሽን አለኝ፤ ሳይት ላይ ሁሉም «ኑክሌሩ» ይለዋል። ውስጡ ጨረር አመንጪ ነገር አለ፦ 0.3 ጊጋቤኬሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) ገደማ ሲዚየም-137 እና 1.48 ጊጋቤኬሬል አሜሪሲየም-241 ከቤሪሊየም ጋር። ከነሣጥኑ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል።

የዚያን ቀን ዝናብ አባረረንና አጂፕ አካባቢ ምሳ ልንበላ ፒክአፑን አቆምን። ሣጥኑን ከመኪናው ጋር የማስርበት ሰንሰለት ነበረኝ። «ለአንድ በያይነቱ ማን ሰንሰለት ይጎትታል» ብዬ ሸራ ብቻ ጣል አደረግሁበት። ስንመለስ ሸራው ተገፏል፤ ሰንሰለቱ እንደተጠቀለለ ዝናብ ይመታዋል።

ከዚህ የባሰው ጥፋቴ ቀጥሎ መጣ። ለፖሊስም ለሠፈሩ ልጆችም «የላብራቶሪ ዕቃ ጠፋብን» አልኩ። ጨረር የሚለውን ቃል ካወጣሁ ከተማው ይሸበራል፣ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም።

መሐንዲሱ በስልክ «ጎያኒያን ረሳኸው?» ብሎ ጮኸብኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ከተተወ ክሊኒክ የተሰረቀ ሲዚየም ብረታ ብረት ገዢ ግቢ ገብቶ አራት ሰው ገድሏል። የኛው ሲዚየም ከዚያ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ቢሆንም የጨረር ምንጩን ፈልፍሎ አውጥቶ ኪሱ ይዞት የሚውል ሰው ሥጋው ይቃጠላል።

የጨረር መለኪያዬን ከጋቢናው አወጣሁ፤ ስልኬ ላይ የነበረውን ፎቶ ይዤ ሄርማታ መርካቶ ካሉት ቆራሌዎች ዘንድ በየበሩ ዞርኩ። «ቢጫ ሣጥን ነው፣ ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት አለበት። አትክፈቱት፣ ራቅ በሉ፣ ደውሉልኝ። ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም።» የመጨረሻዋን ፖሊሱ ሳይፈቅድልኝ ነው የጨመርኳት።

አራተኛው ግቢ ላይ አንድ ሽማግሌ ፎቶውን አይተው ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ቅድም የላብራቶሪ ዕቃ ሲሉ የመድኃኒት ነገር መስሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

ሣጥኑ ከጆንያ ክምር ጎን ነበር፤ አንድ ልጅ ተቀምጦበት የበቆሎ እሸት ይግጣል። ልጁን አስነስቼ፣ ሰዉን ሁሉ ከግቢ አስወጥቼ፣ መለኪያዬን እያየሁ ቀረብኩ። የሣጥኑ ጓጉንቸር ተሰብሯል። ማሽኑ ላይ ያለው፣ ምንጩን የያዘው ዘንግ ቁልፍ ግን አልተነካም፤ ንባቡም ጠዋት መዝገብ ላይ ከጻፍኩት ጋር ይቀራረባል። እንደዚያም ሆኖ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እስኪያዩት፣ ምንጩ አለማፍሰሱም እስኪፈተሽ ድረስ ሥራ ላይ አላዋልነውም። እስከዚያ በሳንድ ኮን (ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ በመሙላት መጠቅጠቁን በሚለካው ዘዴ) ስንቆፍር ከረምን፤ ወገብ ይቆርጣል።

አሁን ሁለት ሰንሰለት በሁለት ቁልፍ ነው፤ እኔና ሾፌሩም በየተራ ነው የምንበላው።

ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ እጄ ሳላዘው «ሰንሰለቱ ተቆርጦ» ብሎ ጀመረ። ወረቀቱን ቀድጄ «ሰንሰለቱ አልታሰረም ነበር» ብዬ ጻፍኩ።