እንኳን አደረሳችሁ፤ እግራችሁ እንዴት ነው?

ወዳጆቼ፣ ቅርብም ሩቅም ያላችሁ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእኛ ሰፈር የገና ቡና ያለ እናንተ አይጠጣምና፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ዘንድሮ ስለ ዶሮውና ስለ ጠላው አልጽፍም፤ እሱን የሚጽፍ ሞልቷል። የምጽፈው ስለ እግር ነው። ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አስፋልት ላይ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን እያቆራረጠ ወደ ላሊበላ የሚተም ሕዝብ አለ። መንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ነጠላውን፣ መቋሚያውንና ጃንጥላውን ያያል። አብሮ የሚሄድ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ተረከዝ ነው። ከተጓዦቹ ጋር ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሄድኩበት ቀን የተሳለመ ሰው አላየሁም፣ ገና ሩቅ ነን፤ ያየሁት የተሰነጠቀ፣ የቆሰለ፣ በጨርቅ የታሰረ፣ ግን የማይቆም እግር ነው።

መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና ምንም አይደለም። በጾመ ነቢያት፣ ያውም እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ለሚሄዱ አሮጊት እናት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳሉ። ጠዋት ስለ እግሩ የሚያወራ ሰው የለም፤ መዝሙር አለ፣ ቀልድ አለ፣ ብርዱም ሕመሙን ያደነዝዘዋል። ረፋድ ላይ ወሬው ይቀየራል። የመርሳና የስሪንቃ ፀሐይ በታኅሣሥም ቢሆን ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ ይግላል፣ እግር ጫማ ውስጥ ያብጣል፣ አንዱ ቆም ብሎ ጠጠር ማራገፍ ይጀምራል። እሱ ያራገፈው ግን ጠጠር አይደለም፤ ውሃ መቋጠር የጀመረ እግር ልክ እንደ ጠጠር ነው የሚሰማው።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀመጡት አሮጊቶቹ እንዳይመስሏችሁ። ጎረምሶቹ ናቸው። ለበዓል የተገዛ አዲስ ነጭ ጫማ ያደረጉ፣ ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚት የማያልፍ። ለበዓል አዲስ ልብስ ደግ ነው፤ አዲስ ጫማ ለመንገድ ግን ጠላት ነው። እግር የለመደው አሮጌ ሸራ ጫማ ይሻላል። እናቶቹ በፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ይሄዳሉ፣ ፕላስቲክ ደግሞ ያልባል፤ እነሱ ግን ጅረት ባዩ ቁጥር አውልቀው ያራግፋሉ፣ እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያብሳሉ፣ ይቀጥላሉ። ያ ነው ምስጢሩ። ላብ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ጫማ ያሸዋል፣ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ይላቀቅና መሀሉ ውሃ ይሞላል። እግሩን ደረቅ ያደረገ ሰው ግማሹን መከራ አስቀርቷል። ቦታው ሲግል፣ ገና ሳይቋጥር፣ ቆሞ ቫዝሊን መቀባት ወይም ፕላስተር መለጠፍ ነው እንጂ «ትንሽ ልሂድና» ማለት አያዋጣም።

ቫዝሊን ካልኩ አይቀር፣ አንዷ እናት በሌላ ጊዜ እግራቸውን ቅቤ እንደሚቀቡ፣ አሁን ግን ጾም ስለሆነ እንደማይነኩት ነገሩኝ። «የሚበላው አፍ ነው እንጂ እግር አይበላም» ብላቸው፣ «እጄስ? እጄ አይሸትም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቫዝሊኑን ተቀበሉ፤ ከላም አለመሆኑን ሁለቴ ካረጋገጡ በኋላ።

የቋጠረውን ውሃ በመርፌ ወግተው ክር አስተላልፈው የሚተዉም አሉ። ይህን ልማድ ብንተወው ደስ ይለኛል፤ የቀረው ክር ለቆሻሻ መንገድ ነው። ትንሽ ከሆነ አለመንካት፣ በስሱ ጨርቅ መሸፈን። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ፣ በንጹሕ መርፌ ከጠርዙ ወግቶ ማፍሰስ፣ ቆዳውን ግን አለመላጥ፤ ከሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ ደግሞ እግራችሁን እንኳን በመርፌ፣ በጥፍራችሁም አትንኩ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያጠፋ ቁስሉ ሳያማችሁ ሊብስ ይችላል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን በዓይናችሁ እዩት፣ ካልታያችሁ ለሰው አሳዩት። የቆሰለ ካለ ጤና ጣቢያ ነው።

ወልዲያ ሳንገባ መሸብን። መንገድ ዳር አንድ ግቢ ደጃፍ ቆመን «የመሸብን እንግዶች ነን» ስንል፣ ከውስጥ «ቤት የአላህ ነው፣ ግቡ፣ አብሽሩ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ባለቤቷ ለመግሪብ ውዱእ አድርጎ ያስቀመጠውን ማንቆርቆሪያ አንስታ፣ ከምድጃው ሙቅ ውሃ ጨምራበት፣ ሳፋ ይዛ ወጣች። በቀን 5 ጊዜ እግር የሚታጠብበት ቤት ነው፣ የውሃ አያያዙን ያውቁበታል። ከመካከላችን መጀመሪያ የቀረበችው ወደ እማሆይ ነበር።

«እማሆይ፣ እግርዎን ያምጡ።»

«ተይ ልጄ፣ እግሬ ቆሽሿል።»

«ንጹሕ ቢሆንማ ውሃው ምን ሊሠራ መጣ?»

እማሆይ ሳቁ፣ እግራቸውን ሰጡ። በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር አጠበችላቸው፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቀችው። አንዳንዱ ተጓዥ እግሩን ጨው ባለው ውሃ ረጅም ሰዓት ዘፍዝፎ ሲቀመጥ አያለሁ። ለድካም ጥሩ ነው፣ ነገ የሚሄድ ሰው ግን ባያበዛው፤ ውሃ የጠጣ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ጥቂት ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ማድረቅ፣ እግርን ጆንያ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት። ከዚያ በኋላ ሽሮ መጣ፣ ዘይት ብቻ የነካው። የእኛን ጾም ከእኛ ይልቅ እነሱ ያስታውሱታል።

ከኋላችን፣ ከአጥሩ ሥር፣ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ሰው ነበር። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች አብጠዋል። መንገዱን ሙሉ ከሕዝቡ በመቶ እርምጃ ርቆ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ የራቀው እሱ ይሁን እኛ አላውቅም። ሴትዮዋ ሳፋውን ደፍታ፣ አዲስ ውሃ ሞልታ፣ ምንም ሳትናገር ወደ እሱ ሄደች። «አይ እኔን ተዪኝ» አለ። አልተወችውም።

በበዓል መልእክት ውስጥ በሽታ ማንሳት ደስ ባይልም፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ዝሆኔ የምንለው በሽታ በሀገራችን ደጋማ ቦታዎች በብዛት የሚመጣው ከትንኝ አይደለም፣ ከእርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ፣ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ እብጠቱን ያመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ እግር በማጠብም አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ለታመመውም ቢሆን ዋናው እርዳታ ይኸው ነው፦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ጫማ። ያቺ ሴት ያደረገችው ሐኪሙ የሚያዘውን ነው። ስለዚህ በስለት ባዶ እግራችሁን የምትሄዱ፣ ስለታችሁን አከብራለሁ፤ ማታ ግን አፈሩን አጥባችሁ ተኙ፣ ከበዓሉ በኋላም ጫማችሁን አድርጉ። ርቆ የሚሄድ ካያችሁ ደግሞ እርምጃችሁን ቀንሱለት።

ይህ አስፋልት ሌላም እግር አይቷል። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ሰው በዚሁ መንገድ ሕፃን አዝሎ ወደ ደቡብ ሲሄድ የነበረው ለመሳለም አልነበረም። ያኔም «ቤት የአላህ ነው»፣ «ቤት የእግዜር ነው» ያሉ በሮች ነበሩ። ዛሬም በፀጥታው ምክንያት መንገድ መውጣት ያልቻላችሁ፣ ዓመት በዓልን በመጠለያ የምታሳልፉ፣ ይህ ሰላምታ ቀድሞ ለእናንተ ነው።

ከወልዲያ በኋላ የድልብ ዳገት አለ፣ ከዳገቱ በላይ ውርጭ አለ፣ እሱን ለሄዱበት እተወዋለሁ። መድረሻው ላይ ግን የላሊበላ ሰው እንደ አባቶቹ ወግ ሳፋ ይዞ ይቀበላችኋል። ጸሎተ ሐሙስ ላይ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል እግር ሲያጥቡ አይተን በዓመት አንዴ እንባ ይመጣብናል፤ እዚያ ግን የሚያጥባችሁ ያልተጠመጠመለት፣ ስሙን የማታውቁት ጎረምሳ ነው። አትከልክሉት። እግር መስጠት እግር ከማጠብ የሚከብድባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ በተለይ እኛ የተማርን ነን የምንል።

ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአለቱ ጫፍ ላይና ከሥር ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ሲከበር፣ ከሥራችሁ ያለው ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጫማችሁ ደጅ ነው። በአውሮፕላን የመጣውም፣ ከዋግ በእግሩ የመጣውም፣ ዝሆኔ ያለበትም በባዶ እግሩ ነው የቆመው። ጫማችሁን ስታወልቁ ሁለቱን በማሰሪያው እሰሩት፣ ያለዚያ ስትወጡ አንዱን ብቻ ነው የምታገኙት።

ዘንድሮ ቤት የቀራችሁ፣ ቤታችሁ መንገድ ዳር ከሆነ፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አስቀምጡ። መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ስትመለሱ ድልብ ቁልቁለት ነው የሚሆነው፤ ቁልቁለት የሚያጠፋው የአውራ ጣትን ጥፍር ነውና ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡት፣ ቀጥ አድርጋችሁ። መልካም ገና!