የልጆች ችሎት ውዬ መጣሁ

የእህቴ ልጅ ነው፤ 15 ዓመቱ፣ ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ። ችሎቱ ዝግ ስለሆነ በልመና ነው የገባሁት። ዳኛዋ ክሱን ከማንበባቸው በፊት "ትምህርት እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁት። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ራሰ። ስሙም የትም አይወጣም፣ ይሄም ጥሩ ነው። ግን እዚያ ወንበር ላይ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ታስሯል፣ ያውም ከአዋቂዎች ጋር! እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እኮ እስር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ ከአዋቂም ይለዩ ይላል። ወረቀቱ ላይ።

ዳኛዋ ወደ ቤቱ ይሂድ አሉ። ሲያስሩት የጫማውን ክር ወስደውበት ነበርና ጫማውን እየጎተተ ወጣ። እህቴ ከቦርሳዋ አዲስ ክር አውጥታ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ታስርለት ጀመር። እሱ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል።