«ንጹህ ውሃ» ብዬ የፈጀኋቸው ዶሮዎች

ይቺን ገጠመኝ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ያኔ የምሠራው ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ያለች ቀበሌ ነበር። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ዝናቡ አንድ ሁለት ቀን ጣል አድርጎ ጠፍቷል። ዶሮ ያለው ሰው ይህን ወቅት ይፈራዋል፣ ፈንግል መግቢያው ነው። ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት አንገቷ ተጠማዞ ትገኛለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሰው ፌጦ ያጠጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይሰጣል፣ ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ የሚያጎርስም አለ። ቫይረስ ነው፣ አይሰማም። ያለው ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው።

ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው። እኛ ጋ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ያውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሳይለየው። ስለዚህ የበረዶ ሳጥኗን እንደ ልጅ አቅፌ ነበር የምዞረው። አንዴ የተበጠበጠ ብልቃጥ ደግሞ ለነገ አይባልም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፤ ለአንድ ቤት ዶሮ ብቻ መክፈት ብክነት ነው። እና አምስት ጎረቤታሞችን አስተባበርኩ። በዋዜማው ቤት ለቤት ዞሬ «ነገ ጠዋት ዶሮዎቹ ውሃ እንዳያዩ፣ ንጹህ ውሃ አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ» አልኳቸው።

ንጹህ ውሃ። ያልኩት ይኸው ነው።

መጨረሻ የደረስኩበት ቤት የአንዲት እናት ነበር። ከሰፈሩ ሁሉ እኔን አጥብቀው የሚሰሙ እሳቸው ናቸው። 17 ዶሮ ነበራቸው፤ ሁለቱ ገብስማ ቄቦች እንቁላል ሊጀምሩ ቀናት ነው የቀራቸው። ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል። ሳፋው ተፈትጎ ያብረቀርቃል፣ ውሃው ተቀድቶ ይጠብቀኛል። የድርሻቸውን ክትባት ጨመርኩበት። ዶሮዎቹ ጠምቷቸው ስለነበር ተንጋግተው ጠጡ። አንገታቸውን ቀና እያደረጉ ሲውጡ እያየሁ አቦሉን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ወር ሳይሞላ ተደወለልኝ። 14ቱ ሞተዋል።

ግራ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። የአራቱ ጎረቤቶች ዶሮዎች ደህና ናቸው። ያው ብልቃጥ፣ ያው ጠዋት፣ የሚጭሩትም ያንኑ የአመድ ክምር። ሰዓት አልፎብኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ግን ከመጀመሪያው ቤት እስከ እሳቸው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያ እሳቸውን ጠረጠርኩ። «እናቴ፣ ከገበያ የገዙት ዶሮ አለ እንዴ?»

«ወላሂ አንዲት ላባ አላስገባሁም!»

ሐዘን ቤት የመጣሁ ይመስል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የምጠጣው ውሃ ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ጎንጨት እንዳልኩ አፌ ላይ ያ የምናውቀው የበረኪና ሽታ።

«ይቺ ውሃ ምን ገባባት?»

«ውሃ አጋር ነዋ! አንተ አይደለህ ንጹህ ውሃ ያልከኝ? የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ንጹህ ማለት እሱ የገባበት ነው ብላናለች። አንድ ክዳን ለአንድ ጀሪካን።»

ክትባቱ የተዳከመ ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ውሃ አጋር ውስጥ ያለው፣ የሰውን ሆድ ከተቅማጥ የሚያድነው ክሎሪን እሱንም ይገድለዋል። ያን ሁሉ መንገድ በበረዶ ታቅፎ የመጣ ክትባት ሳፋ ውስጥ ሞተ። ሌሎቹ አራቱ የተረፉት በስንፍናቸው ነው፤ ከምንጭ የቀዱትን እንዳለ ነበር ያቀረቡልኝ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ የታዘዘኝ ሰው ከሰረ።

እውነቱን ስነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ አንተም አላወቅህም፣ እኔም አላወቅሁም» አሉኝ። እኔ ግን አውቅ ነበር። ኮሌጅ እያለሁ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ይህን ለሳቸው ለመናገር ሌላ አንድ ወር ፈጀብኝ።

አሁን «ንጹህ» የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። «ዛሬ ከምንጭ የተቀዳ፣ ውሃ አጋር ያልነካው፣ ዕቃውም ሳሙና የሌለበት» እላለሁ፣ ከዚያ መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። የቧንቧ ውሃ ብቻ ባለበት ከተማ ደግሞ ማታውኑ ተቀድቶ ሳይከደን እንዲያድር አስደርጋለሁ፣ ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ከተገኘም ትንሽ ይጨመርበታል፣ የቀረውን ክሎሪን ይይዝልናል።

ከተረፉት ሦስቱ አንዷ ከገብስማዎቹ ናት። አቅፋ 11 ጫጩት ፈለፈለች። ለክትባት ስሄድ እናታችን ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ ጀሪካኑን ከፍተው አፍንጫዬ ሥር ያመጡታል።

«አሽትት!»

አሸትታለሁ።