ፍሬው ሳይያያዝ የሚበስል ኪንዋ በአትክልት

ኪንዋ እንደ ሩዝ የሚበስል ደቃቅ ፍሬ ነው፤ ኪንዋ በአትክልት ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቅመም ሳይሆን የውሃ ነው። ፍሬው በደንብ ሳይጠነፈፍ ድስት ይገባል፤ አትክልቱ ተደራርቦ ውሃውን ያወጣል፤ ሁለቱም ትኩስ እንዳሉ ይቀላቀሉና ምግቡ ላልቶ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አብስዬ የማገናኛቸው እንፋሎታቸው ሲወጣ ነው።

ለአራት ሰው አንድ ኩባያ (170 ግራም ገደማ) ነጭ ኪንዋ ወሰድኩ። ፍሬው ላይ ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር አለ፤ ተክሉ ወፍና ነፍሳት እንዳይበሉት የሚከላከልበት ነው። ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በትውልድ ቦታው በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮችም ፍሬውን አሽቶ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። ማሸጊያው «የታጠበ» ቢልም እኔ አጥበዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ ድስት ሙሉ መራራ ምግብ መብላት አያዋጣም። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ የፓስታ ማጥለያ አይዘውም፤ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ያስፈልጋል። አረፋው እስኪጠፋ እያሸሁ አጠብኩት፤ ከዚያ ወንፊቱን መታ መታ እያደረግኩ ለአስር ደቂቃ አጠነፈፍኩት።

ቀጥሎ በድስት ውስጥ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልኩ አራት ደቂቃ ያህል አመስኩት። መጀመሪያ የሚሰማው የእርጥበት ሲርታ ነው፤ ሲደርቅ ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል፤ ሽታውም የተቆላ ለውዝ ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ ከሦስት ሩብ ኩባያ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመርኩ። ብዙ ማሸጊያ ሁለት ኩባያ ውሃ ይላል፤ የታጠበ ፍሬ ግን ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚገባ ያ ይበዛበታል። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጌ ከደንኩትና 15 ደቂቃ ተውኩት። ቀይና ጥቁሩ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጨምራል። በመሃል መክፈትም ማማሰልም አያስፈልግም። እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብበት ንጹሕ ጨርቅ ከክዳኑ ሥር አድርጌ ሌላ አስር ደቂቃ አሳረፍኩት።

መብሰሉን ለማወቅ አንድ ፍሬ ጣት ላይ አድርጎ ማየት ይበቃል። የበሰለው ብርሃን ያሳልፋል፤ ዙሪያውን የነበረችው ቀጭን ነጭ ክርም ተላቃ እንደ ጅራት ተጠቅልላ ትታያለች። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ገና ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተጨምሮበት ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ታች ውሃ ከቀረ ደግሞ ክዳኑን አንስቶ በዝቅተኛ እሳት ማድረቅ ነው። በሹካ ፈታ ፈታ አድርጌ ሰፊ ትሪ ላይ ዘረጋሁት።

ለአትክልቱ ሁለት ካሮት፣ አንድ ዝኩኒ፣ አንድ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያና አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ተጠቀምኩ። ኦቨኑን 220 ዲግሪ አሙቄ፣ ሁሉንም አንድ ሳንቲ ተኩል ገደማ ከትፌ፣ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በአንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን አሸሁት። ካሮቱ ጠንካራ ስለሆነ አስር ደቂቃ ቀድሞ ገባ፤ ሌላው ለ20 ደቂቃ ተከተለው። ዋናው ነገር ሁለት ትሪ መጠቀም ነው። ቁርጥራጮቹ ከተደራረቡ በራሳቸው እንፋሎት ይቀቀላሉ እንጂ ጠርዛቸው ቡናማ አይሆንም፤ ጣፋጭ ጣዕሙ ደግሞ ያለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ጨው የዝኩኒን ውሃ ስለሚያወጣ የነሰነስኩት ከኦቨን ከወጣ በኋላ ነው። ኦቨን ከሌለ በሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ በትንሽ በትንሹ ይሠራል።

ማጣፈጫው ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ጨውና አንድ ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርት ትሪ ላይ አርሮ ስለሚመር እዚህ ይሻለዋል። ግማሹን ማጣፈጫ ኪንዋው ለብ እንዳለ አፈሰስኩበት፤ ሲቀዘቅዝ እንደዚያ አይጠጣም። ከዚያ አትክልቱን፣ አንድ ኩባያ ተኩል የተቀቀለና በደንብ የተጠነፈፈ ሽምብራ፣ የቀረውንም ማጣፈጫ ጨምሬ ከታች ወደ ላይ እያነሳሁ ቀላቀልኩ። ሎሚ አረንጓዴውን ቅጠል ስለሚያጠወልገው የተከተፈው የድንብላል ቅጠል የሚገባው ሊበላ ሲል ነው።

ኪንዋ ከስንዴ ይልቅ የቀይ ሥር ዘመድ ነው፤ ግሉተን (በስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ሰውነት ከምግብ የግድ የሚፈልጋቸው ዘጠኙም አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎች) አሉት። ስለዚህ ብዙ አብስዬ ግማሹን ከማጣፈጤ በፊት ለይቼ አስቀምጣለሁ፦ ጠዋት በወተትና በፍራፍሬ፣ ሌላ ቀን በሾርባ ውስጥ ይገባል። ጠብሶ ለመብላት ሁለት ኩባያ ኪንዋ በሁለት እንቁላልና በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይለወሳል፤ ፍሬው የተፈታታ ስለሆነ እንዲያያዝ ግማሽ ኩባያ ሽምብራ ጨፍልቆ መጨመር ይረዳል። ከበሰለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ከገባ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ ሲሞቅ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ ይደረግበታል።