ብስባሹን ማን ይወስደዋል?

የከተማ ቆሻሻን ወደ ብስባሽ፣ ማለትም ወደ ማዳበሪያ፣ ለመቀየር የተዘጋጀው ረቂቅ ዕቅድ መጨረሻ አካባቢ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች። «የተዘጋጀው ብስባሽ ለአካባቢው ቡና አምራቾች ይሸጣል» ትላለች። ከእሷ በፊት ስለ ቆሻሻው ምንጭ፣ ስለ መኪናዎቹ፣ ስለ ማድረቂያ አልጋዎቹ ስፋት ብዙ ገጽ ተጽፏል። ስለ ተረካቢው የተጻፈው ግን ይኸው ብቻ ነው። በምክክሩ ቀን ክርክሩ ሁሉ የዞረው በዚህችው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጅማ ነው። ሥራዬ የከተማ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ዕቅድ ነው። አማካሪዎች ያዘጋጁትን ረቂቅ ይዤ ሥራው የሚነካቸውን ሰዎች ሰብስቤ ማወያየት የእኔ ድርሻ ነበር።

ጅማን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ሰዉ የሚጠቀመው በአብዛኛው በጉድጓድ ሽንት ቤትና በሴፕቲክ ታንክ ነው። ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪናው የሚያነሳው ዝቃጭ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ወዴት እንደሚደፋ ካልታሰበበት መጨረሻው ቦይ ነው፣ ከቦዩ አዌቱ ወንዝ ነው። አዌቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ግልገል ጊቤ ወንዝ አለ። ከታች ውሃውን የሚጠቀም ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ አሳ አስጋሪ አለ።

ሌላው ቆሻሻ ከገበያ የሚወጣው ነው። ሂርማታ መርካቶን ገበያ ሲበተን ያየ ሰው ያውቀዋል። የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የበሰበሰ አቮካዶ። የጫት ገረባማ በየመንገዱ ነው። በዚህ ላይ ከየቡና መፈልፈያው የሚወጣው ገለባ አለ። ግማሹ ይቃጠላል፣ ግማሹ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል።

አማካሪዎቹ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ለመቀየጥ አስበው ነበር። ሐሳቡ በሙያ ዓይን ሲታይ ያምራል። ዝቃጭ እርጥብ ነው፤ ናይትሮጅን ሞልቶታል። የቡና ገለባ ደረቅ ነው፤ ካርቦን ሞልቶታል። ብስባሽ በደንብ እንዲሠራ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል። እርጥበቱም ከመቶ 50 እስከ 60 ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ክምሩ ይሞቃል። ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ለቀናት ከቆየ፣ ክምሩም እየተገላበጠ ውጪው ወደ ውስጥ ከገባ፣ በሽታ አምጪዎቹ ይሞታሉ። ግትሩ የወስፋት እንቁላል እንኳን አይተርፍም። ያልሞቀ ጠርዝ ከቀረ ግን እንቁላሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ማገላበጡ ለይስሙላ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ምክክሩ ላይ ከየአቅጣጫው ሰው ጠርተን ነበር። ከግብርና፣ ከጤና፣ ከውሃና ፍሳሽ። ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማህበራት እናቶች መጥተዋል። የመጣጭ መኪና ሹፌር አለ። ከገጠር የቡና ኅብረት ሥራ ማህበር የመጡ ሽማግሌም ነበሩ። እኚህ ሰው ረጅሙን ገለጻ ዝም ብለው ሰሙ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትነበብ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ብስባሽ ውስጥ የሽንት ቤት አለበት አይደል?»

«አዎ አባባ፣ ግን ታክሞ ነው» አለ ገለጻ አቅራቢው። «በ55 ዲግሪ ይበስላል። ላቦራቶሪ እናስመረምራለን። ምንም በሽታ አይኖረውም።»

«በሽታ አለው መቼ አልኩ? አምኜሃለሁ። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ግን ስንት ዲግሪ ሞቀ ብሎ አይጠይቀኝም። ከየት መጣ ነው የሚለኝ።»

አቅራቢው ወዲያው አልገባውም። እሳቸው ቀስ ብለው አስረዱት። የማህበራቸው ቡና የሚሸጠው የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት፣ ማለትም የተከለከለ ማዳበሪያና መድኃኒት እንዳልነካው የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዞ ነው። ሰርተፍኬቱ የማህበሩ ነው፤ የአንድ ገበሬ አይደለም። አንድ አባል የተከለከለ ነገር ማሳው ላይ በትኖ ቢገኝ ጣጣው ለሁሉም ይተርፋል። የሽንት ቤት ዝቃጭ ደግሞ ከተከለከሉት ውስጥ ነው።

ልክ ናቸው። ኦርጋኒክ ተብሎ ለመሸጥ የገዢውን አገር ደንብ ማሟላት ግድ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የኦርጋኒክ ረቂቅ ደንብ ላይ ዝቃጩን መጠቀም የሚቻልበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። ከ275 ሺህ በላይ አስተያየት ጎረፈለት፤ ብዙው ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የመጨረሻው ደንብ ዝቃጭን ከለከለ። የቱንም ያህል ቢታከም ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የተፈቀዱትን ማዳበሪያዎች በዝርዝር ያስቀምጣል። የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከቤት የሚወጣ የአትክልትና የምግብ ትርፍራፊ ግን አለ፤ ከምንጩ ተለይቶ የተሰበሰበ ከሆነ። ለመርዛማ ብረቶች የተቀመጠው ገደብም ጥብቅ ነው። በአንድ ኪሎ ደረቅ ብስባሽ ውስጥ ካድሚየም ከ0.7 ሚሊግራም፣ እርሳስ ከ45 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።

ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዝቃጩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ አንድ ገዢ ማጣት ነው። ከገለባውና ከገበያው ትርፍራፊ ጋር ከተቀየጠ ግን ንጹሁንም ይዞት ይሄዳል። የቡና ገለባ ከቡና ገበሬው ወጥቶ ወደ ቡና ገበሬው መመለስ የሚችል ነገር ነበር። ቀይጠነው ስናበቃ እሱ ራሱ የማይቀበለው ነገር ይሆንበታል። በዚህ ላይ የአካባቢው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። ብስባሽ የሚያስፈልገው መሬት ነው። አፈሩን ያየ ሰው ይሄንን ብስባሽ ለሌላ ነገር ማባከን ያንገበግበዋል።

ሽማግሌው በር ከከፈቱ በኋላ ሌሎቹም ተናገሩ። ሹፌሩ ተነሳ።

«እኔ የማነሳው የሰው ቤት ብቻ አይደለም» አለ። «ጋራዥ ይጠራኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ቃጠሎ ዘይት አለ። አንሳ ካሉኝ አነሳለሁ፤ ምን ላድርግ? ሁሉም እዚያው አንድ ቦቴ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀት ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስና ካድሚየምን አይገድልም። ብረት ከገባ ገባ ነው። መፍትሔው ከበሩ መመለስ ብቻ ነው። የትኛው ቦቴ ከየት እንደመጣ ሳይጻፍ የሚራገፍበት ጣቢያ፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ምርቱን አምኖ ለሰው መስጠት አይችልም።

ከማህበር የመጡት እናት ደግሞ ስለ ገረባው ተናገሩ። «ገረባው ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር። ፌስታሉ፣ የውሃ ላስቲኩ፣ የሲጋራው ቁራጭ አብሮ ነው የሚጠረገው። ማታ ጫት ቤቱ ለይቶ ቢያስቀምጥልን እኛ ጠዋት እንወስዳለን። ከተቀላቀለ በኋላ ለዩ ስትሉን ግን እጃችን ነው የሚቆረጠው።» መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ያንን ሥራ በባዶ እጅ ነው የሚሠሩት።

ሌላ አባት የነጃሳን፣ በሃይማኖት ርኩስ የሚባለውን፣ ነገር አነሱ። ለሚበላ ነገር ማዋሉ ከሃይማኖት አንጻር እንዴት ይታያል አሉ። በዚያ ቀን ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ወደፊት ሼኾችም ቀሳውስትም ተጠርተው እንዲያዩት ተስማማን። መሐንዲስ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።

ረቂቁ ሲከለስ አንዱ መስመር ሁለት ሆነ። የገበያው ትርፍራፊ፣ ተለይቶ የመጣ ገረባና የቡና ገለባ ለብቻቸው ይሠራሉ። ይሄ ለቡናና ለጓሮ አትክልት ነው። ዝቃጩ ሌላ ግቢ አለው። አሸዋና ጠጠር የተነጠፈባቸው አልጋዎች ላይ ይደርቃል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ክፍት አልጋ በክረምት አይደርቅም። ስለዚህ ጣሪያ ተጨመረ። ከሥር የሚንጠፈጠፈው ውሃም ሳይጣራ ወደ አዌቱ እንዳይሄድ የራሱ ኩሬ ተሰጠው። የደረቀው ከመጋዝ ብናኝ ጋር ይበሰብሳል፣ ከዚያም ሳይነካ ይቀመጣል። መድረሻው ባህር ዛፍ፣ የመንገድ ዳር ዛፎች፣ ድንጋይ ወጥቶባቸው የተራቆቱ ቦታዎች ናቸው። አካፋው፣ ጋሪው፣ ቦቲ ጫማው ሳይቀር ተለየ። በአንድ አካፋ ሁለቱን ግቢ ማገልገል መልሶ መቀየጥ ነው።

ወጪው ጨመረ። የፋይናንስ ባለሙያው ፊቱን አጠቆረ፤ አልፈርድበትም። ሁለት ግቢ፣ ሁለት አጥር፣ ሁለት ጥበቃ ነው። ግን ርካሹ ዕቅድ ዋጋው የረከሰው ተረካቢ እንዳለው አድርጎ ስለቆጠረ ነበር። ገዢ የሌለው ብስባሽ መልሶ ቆሻሻ ነው፤ ያውም ብዙ ገንዘብ የወጣበት።

የመጨረሻው ክርክር ስለ ማራገፊያ ክፍያ ነበር። ረቂቁ የዝቃጭ መኪና በር ላይ እንዲከፍል ይል ነበር፤ ከብስባሽ ሽያጭ የታሰበው ገቢ ሲቀንስ ደግሞ ክፍያውን ከፍ እናድርገው የሚል ሐሳብ መጣ። እኔ አጥብቄ ተቃወምኩ። ሹፌሩን ጠየቅነው።

«በር ላይ ብዙ ካስከፈላችሁኝ፣ መንገዱም ጭቃ ከሆነ፣ ሁሉም ሹፌር እዚያ ድረስ አይመጣም» አለ። «ማታ ማታ ወንዝ አለ።»

ዝቃጭ ማከም የጤና ሥራ ነው። ለዛፍ ከሚሆነው ብስባሽ ሽያጭ ራሱን እንዲችል መጠበቅ የለበትም። በር ላይ ክፍያ እንዳይኖር፣ ወጪው ከውሃ ቢል ጋር በትንሽ በትንሹ እንዲሰበሰብ፣ ሹፌሩም ለእያንዳንዱ አራግፎ ለወጣበት ጉዞ ማረጋገጫ ወረቀት እንዲቀበል ሐሳብ አቀረብን። ወረቀቱን ያላሳየ መኪና ፈቃዱ አይታደስለትም። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ጠጠርም ከአልጋዎቹ ግንባታ በፊት እንዲነጠፍ ተጻፈ።