ከቹንቾን እስከ አያቴ የቆርቆሮ ሳጥን
ሴኡል ለትምህርት በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት በባቡር ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ከተማ ቹንቾን ተጓዝኩ። በጎንግጂቾን ወንዝ አጠገብ ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ የሾለ ሕንፃ አለ። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው በኮሪያ ጦርነት የተሳተፉ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሙዚየም ነው። እዚያው አካባቢ የቆመውን ሐውልት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. ተገኝተው መርቀውታል።

አያቴ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቃዎች የሦስተኛው ወታደር ነበሩ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ መነሣቱን፣ ከ6,000 በላይ ሰው መዝመቱን፣ የወደቁት ከ120 በላይ ጀግኖች አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማረፋቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በሙዚየሙ ፎቶግራፎች ፊት ስቆም ግን በቡድን ሆነው የተነሡት ወጣቶች እነማን ይሆኑ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። የሚያውቁ ሰው ቤታችን ነበሩ።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስመለስ መቅረጫ ይዤ አያቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ እስቲ ስለ ጦርነቱ ያጫውቱኝ።»

«ምኑን ላጫውትህ ልጄ? ሄድን፣ ተዋጋን፣ ተመለስን።»

ሦስት ቀን በዚህ አለፈ። ጥፋቱ የአጠያየቄ ነበር። በአራተኛው ቀን ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኑን አወጣሁና አንድ ፎቶግራፍ ብቻ እጃቸው ላይ አኖርኩ። ከመዳፍ አይበልጥም። አራት ወታደሮች በረዶ ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ጓንቱን አውልቆ በጥርሱ ይዞታል።

«ይሄ የጎሬው ልጅ ነው! ክብሪቱ በብርድ እምቢ ብሎት እኮ ነው» አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ።

በሳጥኑ ያሉት ፎቶግራፎች ለምን ስም እንዳልተጻፈባቸው ያን ቀን ሰማሁ። በደርግ ዘመን መንግሥት በጦርነቱ ጠላት ከነበረችው ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ አያቴ ፈርተው ስም ያለባቸውን ደብዳቤዎች አቃጥለዋል። ምስሎቹን ማቃጠል ግን አልሆነላቸውም።

የሠራሁት ስሕተት አለ። የመጀመሪያዎቹን ስሞች ከጀርባ በእስክሪብቶ ስጽፍ ቀለሙ ሠርጎ በአንዱ ወታደር ደረት ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ አስቀድሜ በስካነር ቅጂ አወጣለሁ፤ የምጽፈውም በለስላሳ እርሳስ፣ ሳልጫን፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ድምፁንም በዚያው ዕለት ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። ሽማግሌ ሲደክም ደግሞ መጽሐፍ እንደሚዘጋ ሰው ጨክኖ ማቆም ያስፈልጋል፤ አያቴ ከሰዓት በኋላ የሚሰጡኝ ስም ማለዳ ከሰጡኝ ጋር ይጋጭ ነበር። ስለዚህ ማለዳ ብቻ እጠይቅ ጀመር።

በዚያ ክረምት ከ31 ፎቶግራፎች 19 ሰዎችን በስም ለየን። ቅጂውን አፍንጮ በር ላለው የዘማቾች መታሰቢያ ሰጠሁ።

በረዶው ላይ ከቆሙት የአራተኛውን ስም «አፌ ላይ ነው» እንዳሉ አያቴ በዓመቱ አረፉ። ሰውየው ረጅም ነው፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። አፍንጮ በር በሄድኩ ቁጥር ለሌሎች ዘማቾች ልጆች አሳያለሁ።